የሟች አደራ በቀዪቱ ክፍል

እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ሲሉ አበው የተናገሩት የሕፃንን ልቡና በሚገባ አስተውለው ነው፤ ሕፃን የአንድን ሰዓት ርዝመትና የዘላለምን ርዝመት ለይቶ የሚመዝንበት ሚዛን ገና አልተሰጠውምና። ስለዚህም እናትና አባቱ በሕይወት ያሉለት፣ ማታ ማታ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ እሳት ዳር ተጠጋግቶ የሚቀመጥ፣ እራቱን በልቶ የሚተኛ ልጅ ስለ አንዲት እጓለ ማውታ የተጻፈ ልብ ወለድ ባነበበ ጊዜ፣ ማንም ሳያስተምረውና ማንም ሳያዘው ራሱን ከሙት ልጅቱ ጋራ አንድ ያደርጋል፤ የእርስዋን ብርድ ይበርደዋል፣ የእርስዋን ረኃብ ይራባል፣ እርስዋን የበደሉትንም ሰዎች እንደ ገዛ ጠላቶቹ ይጠላቸዋል። ያው ልጅ ሠላሳና አርባ ዓመት ኖሮ፣ ራሱ ወላጅ ወይም የወላጅ ምትክ ሆኖ፣ ያንኑ መጽሐፍ ዳግመኛ በገለጠ ጊዜ የሚያነበው ታሪክ ግን ሌላ ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው መጽሐፍ ሻርሎት ብሮንቴ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲት የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1847 ለንደን ላይ የታተመው «ጄን ኤር» ነው። እኔ ያነበብሁት በመጀመሪያ ቡታጅራ ተማሪ ሳለሁ፣ ለቋንቋ ተማሪዎች ተብሎ በቀላል እንግሊዝኛ ባጠረው ቅጂ ሲሆን፣ ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቶ በካርቶን የተለበጠ፣ ጠርዙ በብዙ ጣት ታሽቶ የጠቆረ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ እምብዛም የማይገኝ መጽሐፍ ነበረ። በክፍላችን ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪዎች ጐን ለጐን ተቀምጠን እንማር ስለ ነበር፣ አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ጄንን በስምዋ ሳይሆን «የቲሟ» እያሉ ይጠሩአት ነበር፤ ስለ የቲም ሐቅ በቤታቸው ሲነገር ሰምተው ያደጉ፣ ነቢያቸውም ራሳቸው በየቲምነት ያደጉ መሆናቸውን የሚያውቁ ልጆች ነበሩና፣ የእንግሊዝ አገርዋ ልጅ ታሪክ ለእነርሱ ባዕድ አልነበረም። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት የአስቴርን ታሪክ የተማርን፣ እናትና አባት የሌላት ልጅ በዘመድዋ በመርዶክዮስ እጅ አድጋ ለንግሥትነት መብቃትዋን የምናውቅ፣ መጨረሻው እንደሚያምር በተስፋ እንጠባበቅ ነበር።

ያን ጊዜ ልባችንን የያዘው የመጽሐፉ መጀመሪያ ነው። የዐሥር ዓመትዋ ጄን በሟች አጎትዋ ቤት፣ በአጎትዋ ሚስት በወይዘሮ ሪድ ሥር ትኖራለች፤ በዝናም ቀን ከመስኮቱ መቀመጫ ላይ ወጥታ፣ ቀዩን መጋረጃ በላይዋ ስባ፣ ሥዕል ያለበትን የወፎች መጽሐፍ ስትመለከት የዐሥራ አራት ዓመቱ የአጎትዋ ልጅ ያገኛትና መጽሐፉ የአንቺ አይደለም፣ አንቺ ጥገኛ ነሽ ብሎ በዚያው መጽሐፍ ይፈነክታታል። እርስዋም ለመጀመሪያ ጊዜ እጅዋን ታነሣለች። ቅጣትዋ «ቀዪቱ ክፍል» በምትባለው፣ ማንም በማያድርባት ክፍል ውስጥ መዘጋት ነው፤ የክፍሊቱ አልጋ በወፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ቀይ መጋረጃ የወረደበት፣ ምንጣፉም የጠረጴዛው ልብስም ቀይ የሆነ፣ በዚያ ሁሉ ቅላት መካከል የአልጋው ትራሶች ነጭ ሆነው የሚታዩበት ነው። እሳት እምብዛም ስለማይነድባት ትበርዳለች፤ ገረዲቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ ለመጥረግ ካልገባች በቀር ደጃፍዋን የሚረግጥ እምብዛም የለም። ሲመሽ በግድግዳው ላይ አንድ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ልጅቱ የሟች አጎትዋ መንፈስ መጣ ብላ ትጮኻለች፤ ወይዘሮ ሪድ መጥታ የልቅሶዋን ተማጽኖ ሰምታ እንደ ገና ወደ ውስጥ ገፍታ ትዘጋባታለች፤ ልጅቱም ራስዋን ስታ ትወድቃለች። ይህን ገጽ ያነበበ ልጅ በዚያች ሌሊት በሩ ገርበብ ብሎ እንዲቀር ይለምናል።

የሙት ልጅ ታሪክ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ መብዛቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዲክንስ «ኦሊቨር ትዊስት»ን እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 በየወሩ እየከፋፈለ ሲያሳትም፣ ከዚያም በኋላ ዴቪድ ኮፐርፊልድንና ፒፕን ሲፈጥር፣ የሻርሎት እኅት ኤምሊም በዚያው በ1847 ከመንገድ የተለቀመውን ሂዝክሊፍን ለዓለም ስታስተዋውቅ፣ አንባቢዎቻቸው በየቤታቸው በወሊድ የሞተች እናት፣ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በተስቦ ያለቀ ቤተ ሰብ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ የድርሰት ምክንያትም አለ። እናትና አባት ያለው ልጅ ችግር ሲደርስበት ወደ ወላጆቹ ይሮጣል፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። ወላጅ የሌለው ልጅ ግን የሚሮጥበት ደጅ ስለሌለው ዓለምን ፊት ለፊት፣ ያለ አማላጅ ይገናኛታል፤ ደራሲውም በዚያ ልጅ ዓይን እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት፣ እያንዳንዱን ባለጸጋና እያንዳንዱን ካህን ለመመርመር ዕድል ያገኛል። እጓለ ማውታ በየደጁ ሲቆም የሚፈተነው እርሱ ብቻ ሳይሆን ደጁም ነው።

ሻርሎት ብሮንቴ ይህን የጻፈችው ከመጽሐፍ ተምራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1816 በሰሜን እንግሊዝ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደች፤ በአምስት ዓመትዋ፣ በ1821፣ እናትዋ ስድስት ልጆች ጥላ ሞተች፤ የእናትዋም እኅት መጥታ ቤቱን ያዘች። በ1824 ለድኾች ካህናት ሴቶች ልጆች ወደ ተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ከሦስት እኅቶችዋ ጋራ ተላከች፤ በዚያም ብርዱና ምግቡ ልጆቹን ጐዳቸው፣ ታላላቆቹ እኅቶችዋ ማርያና ኤልሳቤጥ በ1825 ታመው ወደ ቤት ተመልሰው፣ አንዲቱ በዐሥራ አንድ፣ ሌላይቱ በዐሥር ዓመትዋ፣ በሳምንታት ልዩነት ዐረፉ። በልብ ወለዱ ውስጥ በዕርጋታዋና በትዕግሥትዋ የምናውቃት፣ ጄን አቅፋት ተኝታ ሳለች ነፍስዋ የምትወጣው ሄለን በርንስ የዚያች የማርያ መታሰቢያ ናት። በሄለን መቃብር ላይ ስምዋና «እነሣለሁ» የሚል አንድ የላቲን ቃል የተቀረጸበት ዕብነ በረድ የተተከለው ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው ትለናለች ደራሲት፤ ማን እንደ ተከለው ግን አትናገርም፣ አንባቢው ይገባዋል።

እነሆ ከብዙ ዘመን በኋላ ወልቂጤ ተቀምጬ ሙሉውን መጽሐፍ፣ ያላጠረውን፣ በዝግታ ሳነብ፣ በልጅነቴ አንድ ጊዜ እንኳ ያላስተዋልሁት ነገር ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ተነሥቶ ያዘኝ። የጄን እናት የአቶ ሪድ እኅት ነበረች፤ አባትዋ ድኻ ቄስ ሆኖ በተስቦ የታመሙትን የፋብሪካ ከተማ ድኾች ሲጐበኝ በሽታው ያዘው፣ ከእርሱም ወደ ሚስቱ ተላለፈ፣ ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ሞቱ። አቶ ሪድም የእኅቱን ሕፃን አንሥቶ ወደ ቤቱ አገባ፤ ሳይቆይ እርሱም ለሞት ሲቃረብ ሚስቱን አልጋው አጠገብ አቁሞ፣ ይህችን ልጅ ከልጆችሽ ሳትለዪ አሳድጊያት ብሎ ቃል አስገባት። አቶ ሪድ የሞተው በቀዪቱ ክፍል፣ በዚያው በቀይ መጋረጃ በተከበበው አልጋ ላይ ነው። እንግዲህ ወይዘሮ ሪድ ልጅቱን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ገፍታ የዘጋችባት ክፍል፣ አደራውን የተቀበለችበት ክፍል ናት። ሕፃን አንባቢ በዚያች ክፍል ውስጥ የሟችን መንፈስ ይፈራል፤ ሽማግሌ አንባቢ ግን የሟችን ቃል ይሰማል። ደራሲት ይህን አንድም ቀን በግልጥ አላብራራችውም፤ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አስቀምጣ አልፋለች፤ በእኔ ግምት መጽሐፉን ዐቢይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ዝምታ ነው።

ይህን ባስተዋልሁ ሰሞን፣ በጥር ወር፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ወዳንዲት አሮጊት ዘመዴ ሄጄ ነበር። እማማ ከጓሮአቸው ከጐረቤት ሴቶች ጋራ እንሰት ሲፍቁ ደረስሁ፤ ያጋደለው ጣውላ ላይ ዕርጥቡ የእንሰት ልጥ ተወጥሮ፣ እርሳቸው በቅጠል ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው ልጡን በተረከዛቸው እንደ ያዙ፣ በተሰነጠቀው የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች በሳቡ ቍጥር ነጩ ሥጋ ከሥር በተነጠፈው ቅጠል ላይ ይወድቃል፣ ጭረቱም ቃጫ ሊሆን በጣውላው ላይ ይቀራል። ምን ስታነብ ከረምህ ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ የጄንን ታሪክ ከልደትዋ ጀምሬ ተረክሁላቸው። ስለ ቀዪቱ ክፍልና ስለ ልጅቱ ጩኸት ስናገር እማማ መፋቃቸውን አላቋረጡም።

«የአባቷ ወገንስ የት ሄደ?» አሉኝ ጸጥ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ።

«አንድ የአባቷ ወንድም ነበር፣ እማማ፤ ባሕር ማዶ በንግድ የሚኖር» አልኋቸው። «በኋላም ሀብት ካገኘ በኋላ፣ ልጅ የለኝምና የወንድሜ ልጅ የት እንዳለች ንገሪኝ ብሎ ለአጎቷ ሚስት ደብዳቤ ጻፈላት።»

«ታዲያ ሰጠችው?»

«አልሰጠችውም። ልጅቱ በትምህርት ቤት በተስቦ ሞታለች ብላ ጻፈችለት። ሦስት ዓመት ደብዳቤውን ደበቀች።»

እማማ መፋቂያውን ከልጡ ላይ አነሡ። «በቁሟ ቀበረቻት!» አሉ። «መግፋቱስ ይሁን፤ የእኔ አይደለችም ብላ ነው እንበል። የወገኗን መንገድ ምን አድርጋት ዘጋችባት? ይችማ አደራ በላ ናት።» ሌሎቹም ሴቶች በጉራጊኛ እየተቀባበሉ ፈረዱባት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቱ ዕንባ አንድም ጥያቄ አልተጠየቅሁም፤ ሁሉም የጠየቁኝ ስለ ወይዘሮ ሪድ መጨረሻ ነበረ።

ስለ መጨረሻዋም ነገርኋቸው። ወይዘሮ ሪድ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ያን ደብዳቤ ከሣጥን አስወጥታ ለጄን ትሰጣታለች፤ ባልዋ ያችን ሕፃን ከገዛ ልጆቹ አብልጦ ይወዳት እንደ ነበረ፣ ቅንዓትዋም ከዚያ እንደ ጀመረ ትናዘዛለች። ጄን ይቅር ብያለሁ ትላታለች፣ ልትስማት ጎንበስ ትላለች፤ ሴትዮዋ ግን ፊትዋን ታዞራለች። የተናዘዘችው ጸጸት አስገድዶአት እንጂ ፍቅር አግኝታ አይደለም። እማማና ጐረቤቶቻቸው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያልታረቀች ነፍስ ናት አሉ።

የጉራጌ ሴቶች የመጽሐፉን ማዕከል በአንድ ጥያቄ ማግኘታቸው አያስደንቅም፤ በእንሰት አገር የሙት ልጅ አደራ በዓይን የሚታይ፣ በጓሮ የሚቈጠር ነገር ነውና። እንሰት እንደ ጤፍ በዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ አዝመራ አይደለም። ለፍሬ ያልደረሰው ተክል ግንዱ ይቈረጥና፣ የሥሩ እምብርት ተፍቆ ወጥቶ፣ ከፍግ ጋራ በአፈር ይቀበራል፤ ከዚያም ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ ተነቅሎ ይተከላል፣ ከዓመት በኋላ እንደ ገና ተነቅሎ ሰፋ ባለ ቦታ ይዛወራል፣ እንዲህ እየተመላለሰ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ አበባው ሳይወጣ ይፋቃል። ስለዚህ የደኅና ቤተ ሰብ ጓሮ የአንድ ዓመት፣ የሁለት ዓመት፣ የሦስት ዓመት እያለ እስከ ጎልማሳው ተክል ድረስ በረድፍ የተሰለፈ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ገና ሕፃን ሳለ ጓሮውን በአደራ የተረከበ ዘመድ፣ የደረሰውን እየፋቀ ቢበላ ማንም አይፈርድበትም፤ ልጁንም ከዚያው ያበላዋልና። ፍርዱ የሚመጣው በፋቀው ፈንታ መትከሉና አለመትከሉ ሲታይ ነው። ያልተከለ አደራ ተቀባይ በመጀመሪያው ዓመት አይታወቅም፣ በሁለተኛውም አይታወቅም፤ ልጁ አድጎ ጎጆ ልውጣ ባለ ጊዜ ግን ጓሮው ይመሰክርበታል። ክርክርም ቢነሣ ጉዳዩ በመንደሩ ሽማግሎች ፊት ይቀርባል፤ ከዚያም በላይ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ የሚባለው የሽማግሎች ሸንጎ፣ ቂጫ በሚባለው የአገሩ ሥርዓት የሚፈርድ፣ አለ።

የተጻፈውም ሕጋችን ይህን ነገር አልዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ የሕፃኑን ሰውነት የሚጠብቀውን አሳዳሪ፣ ንብረቱን ከሚጠብቀው ሞግዚት ለይተው፣ ወላጆች ባይኖሩ አያቶች፣ ከዚያም አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቀጥሎም አጎቶችና አክስቶች ይህን ኃላፊነት እንዲቀበሉ በቅደም ተከተል ይደነግጋሉ። የጄን አገር በዚያ ዘመን የማደጎ ሕግ እንኳ አልነበረውም፤ በእንግሊዝ የማደጎ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። አቶ ሪድ በሞት አልጋው ላይ ሚስቱን ቃል ሲያስገባ፣ ከሕሊናዋ በቀር ያን ቃል የሚያስጠብቅ ዳኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ሎውድ እንሂድ። ጄን ከወይዘሮ ሪድ ቤት ስትወጣ የተላከችበት ትምህርት ቤት ሎውድ ይባላል፤ ሄለን በርንስ ለአዲሲቱ ተማሪ እንደ ገለጠችላት፣ በዚያ ያሉ ልጆች ሁሉ ከወላጆቻቸው አንዱን ወይም ሁለቱንም ያጡ ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው በዓመት ዐሥራ አምስት ፓውንድ ይከፈላል፣ ያ ስለማይበቃ የጎደለው በባለጸጎች መዋጮ ይሞላል። ገንዘብ ያዡ ብሮክልኸርስት የተባለው ቄስ ነው። ቁርሱ አርሮ ሊበላ ባልቻለ ቀን መምህርቲቱ ሚስ ቴምፕል ለተራቡት ልጆች ዳቦና አይብ ስለ ሰጠቻቸው ይገሥጻታል፤ ሥጋቸውን ስትመግቢ ነፍሳቸውን ታስርቢያለሽ ይላታል፤ የልጆቹ ጠጉር በተፈጥሮው መጠቅለሉ እንኳ ትዕቢት ሆኖ ታይቶት እንዲሸለት ያዝዛል፤ ይህን ሲያዝ የገዛ ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ ጠጉራቸውን አሠርተው፣ ሐርና ቬልቬት ለብሰው ይገባሉ። ተስቦ በገባ ጊዜ ከሰማንያው ልጆች አርባ አምስቱ በአንድ ጊዜ ተኝተው ነበር።

በልጅነቴ ይህን ሳነብ ያነጻጸርሁት ከምንም ጋራ አልነበረም። ዛሬ ግን ከአገራችን አንድ ጥንታዊ ሥርዓት ጋራ ሳላነጻጽረው አላልፍም፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ሥርዓት ነው። ከዜማው ቤት ወደ ቅኔው፣ ከቅኔው ወደ ትርጓሜው የሚንከራተተው ልጅ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ሲቆም፣ እናትና አባት እያሉት ለትምህርት ሲል በፈቃዱ እጓለ ማውታ የሆነ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ ገና ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ በስዕለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ የብቸኝነትን ኑሮ የተማረ ልጅ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ያን መጽሐፍ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ማንበብ የማይችሉት ሁሉ ያለቀሱለት፣ እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ልጅ በደጃቸው ቆሞ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። በሙስሊሞቹም ዘንድ ደረሳው ከሼኩ ዘንድ ለመቅራት አገር አቋርጦ ሲሄድ የሚያበላው የመንደሩ ሕዝብ ነው። በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ረኃብና ውሻ፣ እከክና የመምህር አለንጋ መኖራቸውን አልክድም፤ ብዙ ልጅም በመንገድ ቀርቶአል። ይሁን እንጂ ምጽዋቱ ከአንድ ባለጸጋ እጅ ሳይሆን ከሺህ ደጅ፣ ቁራሽ በቁራሽ የሚለቀም ስለ ሆነ፣ በልጁ ሆድና ጠጉር ላይ የሚያዝዝ አንድ ብሮክልኸርስት አይነሣም። አንዲት ሴት ዛሬ ብትከለክለው በሚቀጥለው ደጅ ሌላዋ ትሰጠዋለች።

የጉራጌ ምድር የራሱ የልጅነት ልብ ወለድ አለው፤ የአገሩ ተወላጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ ጽፈውት፣ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው «የሺነጋ መንደር» ነው። ከጄን ቀጥሎ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የሁለቱን ልጆች ልዩነት ወዲያው ይገነዘባል። የሺነጋ ታሪክ ያለ መንደሩ አይነገርም፤ ልጁን ለማሳየት ደራሲው መንደሩን ሁሉ ማሳየት ያስፈልገዋል፤ የመጽሐፉም ስም መንደሩን ከልጁ ጋራ አጣምሮ መያዙ ተገቢ ነው። የጄን መጽሐፍ ግን የአንዲት ልጅ ስም ብቻ ይዞ ይወጣል። አንዱ መጽሐፍ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የቡታጅራና የወልቂጤ ተማሪዎች ሁለቱን ባንድነት ቢያነቡ ኖሮ፣ ብቸኝነት ምን እንደ ሆነ ከአንዱ፣ ብቸኝነትን የሚከለክለው ምን እንደ ሆነ ከሌላው በተማሩ ነበር። የሺነጋ መንደር ዛሬም በተማሪ እጅ እንደ ልብ አለመገኘቱ ያሳዝነኛል።

ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ ሲጫወት ያደገ የጉራጌ ልጅ ደግሞ፣ ወላጅ ኖረውም አልኖረው፣ ብዙውን ጊዜ በለጋነቱ አዲስ አበባ ይገባል፤ ጫማ እየጠረገ፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ እየዞረ፣ መርካቶ ውስጥ ከአገሩ ልጅ መደብር ጀርባ እያደረ ኑሮን ይጀምራል። ከዚህ ስደት ነው ዕድር የተወለደ ይባላል፤ በባዕድ ከተማ የሞተ የአገር ልጅ ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ተብሎ። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባጠፋ ጊዜ፣ ሟችን ለመቅበር ተቋቁመው የነበሩ ዕድሮች የሟችን ልጆች ወደ ማሳደግ ዞረው ነበር፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፣ እኔ ግን ከማንኛውም የምጽዋት ድርጅት ይልቅ አከብራቸዋለሁ።

ያጠረው ቅጂ በሁለት ገጽ የዘለለው፣ በሙሉው መጽሐፍ ግን ሰፊ ሆኖ ያገኘሁት ሌላ ክፍል አለ። ጄን ካደገች በኋላ፣ ከምትወደው ሰው ቤት በሌሊት ወጥታ፣ ገንዘብዋ አልቆ፣ በምድረ በዳ ሁለት ሌሊት አድራ፣ ተርባና በዝናም ረጥባ ብርሃን ወዳየችበት ቤት ትደርሳለች። አገልጋይቱ ሐና በሩን ትዘጋባታለች። የቤቱ ጌታ ሴንት ጆን ከውጭ ሲመጣ ደጃፍ ላይ አገኛትና ያስገባታል፤ እኅቶቹ ያበሉአታል፣ ያስታምሙአታል። በኋላ እንደሚገለጠው እነዚያ ሦስት ወንድምና እኅቶች የአባትዋ እኅት ልጆች ናቸው፤ ባሕር ማዶ የነበረው አጎትም የእነርሱም አጎት ነው፤ ሀያ ሺህ ፓውንዱን ሁሉ ግን ለጄን ብቻ ተናዝዞ ሞቶአል። ጄንም ሀብቱን ለአራት ከፍላ፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሺህ ታደርሳለች። ከገንዘቡ ይልቅ ደስ ያሰኛት ወገን ማግኘትዋ መሆኑን ስትናገር ሴንት ጆን ይገረማል፤ ወገን ኖሮት ያደገ ሰው ነውና አይገባውም።

ብዙ የእንግሊዝ ሐያስያን ይህን ክፍል ይነቅፉታል፤ በአንድ ሰፊ አገር ውስጥ፣ ከሺህ ቤት መካከል፣ በዝናም ሌሊት የደረሰችበት አንድ ቤት የገዛ ዘመዶችዋ ቤት ሆኖ መገኘቱ የደራሲትን እጅ ያጋልጣል ይላሉ። በእኔ ዘንድ ነቀፋው አይጸናም። የአገሬ ሰው መንገድ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋራ ሲገናኝ፣ ቸሃ ነህ እዣ፣ ጉመር ነህ እነሞር፣ የማን ቤት ልጅ ነህ፣ አያትህ ማን ይባላሉ እያለ፣ ሰላምታው ሳያልቅ አንድ ሐረግ ላይ ይደርሳል፤ ዝምድና ካልተገኘ ጋብቻ ይገኛል፣ ጋብቻም ካልተገኘ ጉርብትና አይጠፋም። ለእንዲህ ያለ አንባቢ የሚደንቀው ጄን የዘመዶችዋን ደጅ ማንኳኳትዋ አይደለም፤ ገብታ፣ በልታ፣ አብራቸው እየኖረች፣ ወራት እስኪያልፉ ድረስ አለመታወቅዋ ነው። እውነት ነው፣ ጄን እውነተኛ ስምዋን ደብቃ ኤልዮት ነኝ ብላቸዋለች፤ ሴንት ጆንም ስምዋን የደረሰበት እርስዋ ሳታስበው በሥዕል ወረቀት ጠርዝ ላይ ጽፋው አግኝቶ ነው። ይህን ለእማማ የነገርኋቸው ቃጫውን ሰብስበው ሲነሡ ነበር። «አባትሽ ማነው፣ ከየት አገር ነው፣ እናትሽስ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቃት አልነበረም?» አሉኝ። የቤቱ ሰዎች ጨዋዎች ስለ ነበሩ፣ ያልተናገረችውን ማስጨነቅ ነውር መስሎአቸው አጥብቀው እንዳልጠየቁአት ነገርኋቸው። እማማ ይህ ዐይነቱ ጨዋነት ሊገባቸው አልቻለም፤ የተራበች ልጅ አብልቶ ወገንዋን ሳይጠይቁ ማሳደር ለእርሳቸው ግማሽ መቀበል ነውና፣ የእነዚያን ሰዎች ጨዋነት አስረድቼ እስክጨርስ ድረስ በሴንት ጆን ላይ ሲፈርዱ ቆዩ።